ምስጋና ለማይቸኩሉት ሾፌራችን

ቤተሰብ ይዛችሁ የአንድ ቀን ሽርሽር ለመውጣት መኪና ከነሾፌሩ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይህን ጽሁፍ አንብቡልኝ። በገጠር መንገድ ቀኑን ሙሉ ያንሸራሸሩንን ሾፌር በአደባባይ ላመስግናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

እኛ የፈለግነው ቀላል ነገር ነበር። ዋናውን አስፋልት ትተን በውስጥ ለውስጥ መንገድ መሄድ፣ ደስ ያለን ቦታ መቆም፣ መንገድ ላይ ምሳ መብላት፣ ሳይመሽ መመለስ። ይህ ግን ለብዙ ሾፌር አይገባውም። ነድቶ፣ አድርሶ፣ መልሶ መገላገል ነው የሚፈልገው። እሳቸው ገና በስልክ ስናወራ የጠየቁኝ “መኪና የሚያመው ሰው አለ?” ብለው ነው።

አለ። እናቴን ያማታል። ጠዋት እንደመጡ ከፊት አስቀመጧትና “እማማ፣ ስልክ አይዩ፤ ሩቅ ሩቁን ይመልከቱ” አሏት። ምክንያት አለው። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ክፍል “እየሄድን ነው” ሲል፣ ዓይን ደግሞ መኪናው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ካፈጠጠ፣ ሁለቱ አይስማሙም። ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚያ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ደህና ዋለች። ለእኔ ይህ ብቻውን በቂ ነበር።

ሳንነሳ ጎማዎቹን ለኩ፤ ትርፍ ጎማውንም ጭምር። ጎማ ከሄደ በኋላ ስለሚሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ሳይነዳ ነው። ካርታውንም ቀድመው ስልካቸው ላይ አውርደውታል። ስልክ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት ስለሆነ፣ ካርታው ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ይመራል።

አነዳዳቸውን በደንብ ልንገራችሁ። ፒስታ መንገድ ላይ ያ ሞገድ ሞገድ የሚለው፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጨው ነገር የሚፈጠረው ፈጥነው የሚያልፉ መኪኖች ጎማ እየነጠረ አፈሩን ሲገፋው ነው። እሳቸው እዚያ ላይ ሲደርሱ በጣም ይቀንሳሉ። ረጅም ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ከመጀመሪያው ማርሽ ይቀንሱና ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋሉ። ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። በጣም ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ባዩ ቁጥር ሰውየው እስኪታለፍ ድረስ ዝግ ይላሉ፣ አቧራው እንዳያለብሰው። ማንም አልነገራቸውም። ልጆቼ አይተው ጠየቋቸው፤ “መንገዱ የእሱም ነው” ብለው መለሱላቸው።

አንድ ቦታ ላይ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ይሄድ ነበር። ወረዱ፣ አዩት፣ ደፍርሷል፣ ታቹ አይታይም። “ወንዙ ይቸኩል፤ እኛን ምን አስቸኮለን?” አሉና መኪናውን አዞሩት። የሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሲደርስ ትልልቆቹንም ይወስዳል። “ጥልቅ አይመስልም፣ እንሞክረው” የሚል ሾፌር ከገጠማችሁ ውረዱ። ደግሞ ዞረን የሄድንበት መንገድ ከሁሉም ያማረው ሆነ፤ ሁለት ጊዜ አስቁመን ወርደናል።

ምሳውንም አስበውበታል። ጠዋት ለምግብ ቤቱ ደውለው ስንት ሰው እንደሆንን፣ ምን የማይበላ እንዳለ ነገሩልን። ሰው ሳይበዛ፣ ምግቡ ገና ከእሳት እንደወረደ ደረስን። የመረጡት ቤት ሾፌሮች የሚያዘወትሩት ነው። ተመጋቢ የማይጠፋበት ቤት ምግብ አያሳድርም፤ እኔም ሁልጊዜ የምመርጠው በዚህ ነው። የተቀመጥንበት ጥላ፣ የማያጣድፍ አስተናጋጅ፣ እጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና መኖሩ፣ ሁሉም ልብ ያሳርፋል።

ከበላን በኋላ ወዲያው አልተነሱም። “ትንሽ ጋደም ልበል” ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ አስተኙ። ከሰዓት በኋላ ሰውነት በተፈጥሮው ይደክማል፣ ምሳ ባይበላም እንኳ። እንቅልፍ እየታገለው ከሚነዳ፣ ተኝቶ የሚነሳ ሾፌር ይሻለኛል።

መኪናቸው አዲስ አይደለም፤ የኋላው ወንበር ረጅም እግር ላለው ሰው ጠበብ ይላል። ወሬም አያበዙም። ጨዋታ ለምትወዱ ይህን እወቁት። ለእኛ ዝምታቸው ተስማምቶናል።

ጋሼ፣ እናቴን እንደ እናትዎ ይዘውልናል። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

እናንተ ደግሞ ስትደውሉ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የሚቆሙበትን ቦታ የሚያስቡት በዚያ ነው። ከጨለመ በኋላ ገጠር ውስጥ አይነዱም፣ ስለዚህ በጠዋት ተነሱ። የእረፍት ቀናት ቶሎ ስለሚያዙባቸው ቀደም ብላችሁ ያዟቸው።