በደብረ ብርሃን የውጭ ኮሌጅ ማመልከቻ አማካሪ ቢሮ፦ ድርሰቱ የተሳካ፣ የ‹ሴፍቲ› ምርጫው የተሳሳተ

የእህቴ ልጅ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት ወስና ስለነበር፣ ደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ የማማከር ቢሮ አስመዝግበናት በሁለት ጊዜ የሚከፈል 12,000 ብር ከፍለናል። ልጅቷ ለትምህርቷ ስትል ከእኔ ዘንድ ትኖራለች፤ እናቷ ደብረ ሲና ላይ ቆሎና እህል እየነገደች ቤተሰቡን ታስተዳድራለች። ገንዘቡም የመጣው ከዚያው ንግድ ስለሆነ፣ ያገኘነውንና ያላገኘነውን በዝርዝር መጻፍ ተገቢ መስሎኛል። የቢሮውን ስም የማልጠቅሰው የማነሣው ስሕተት የእሱ ብቻ ነው ብዬ ስለማላምን ነው።

መጀመሪያ ምስጋናው ይቅደም። ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ድርሰቷን ያረመላት ወጣት እንደ ብዙዎቹ ራሱ ጽፎ አልሰጣትም፤ ስድስት ጊዜ ያህል እየመለሰ ራሷ እንድታሻሽለው አድርጓታል። በመጨረሻ የወጣው ጽሑፍ ስለ እናቷ የጠርማ በር ጉም ውስጥ የሚደረግ የማለዳ ንግድ የሚያወሳ፣ የራሷ ድምፅ የሚሰማበት ሆኗል። ትራንስክሪፕቷን ከትምህርት ቤቷ ማኅተም አስመትቶ በመላክም ሆነ መምህራኗ የድጋፍ ደብዳቤ በወቅቱ እንዲጽፉላት በመከታተል ያጓደሉት ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሣታቸውም የማመልከቻ ቀን ሲደርስ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅሬታዬ በኮሌጆቹ ዝርዝር ላይ ነው። ቢሮው ዝርዝሩን በሦስት ይከፍለዋል፤ ለመግባት እጅግ የሚከብዱት ‹ሪች›፣ ከተማሪው ውጤት ጋር የሚመጣጠኑት ‹ማች›፣ በእርግጠኝነት ይቀበላሉ የሚባሉት ደግሞ ‹ሴፍቲ› ይባላሉ። ኮመን አፕ በሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ስለሚቻል፣ ለእኛ ልጅ 14 ተመረጡላት፤ ስድስቱ ሪች፣ አራቱ ማች፣ አራቱ ሴፍቲ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ሚዛኑን የጠበቀ ነበር። ነገር ግን አራቱ ሴፍቲ የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የተመረጡበት መለኪያ አንድ ብቻ፣ ይኸውም ከአመልካቾቻቸው አብዛኛውን የሚቀበሉ መሆናቸው ነበር። ከአራቱ ርካሹ የትምህርት፣ የመኝታና የምግብ ወጪው በዓመት 34,000 ዶላር ሲሆን፣ ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ስኮላርሺፕ ደግሞ 12,000 ዶላር ነበር። የቀረው 22,000 ዶላር በየዓመቱ ከደብረ ሲና የቆሎ ንግድ ሊወጣ እንደማይችል ለማወቅ አማካሪ አያስፈልግም።

ይህን ለአማካሪው አንሥቼ፣ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ተቀባይነት ብታገኝ በእርግጥ ልትሄድ ትችላለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ትግባ፤ ገንዘቡ በኋላ ይፈለጋል» አለኝ። ቅን ልጅ ስለሆነ ይህን ያለው ሊያታልለኝ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አሠራሩ እንዲህ አይደለም። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ሰነድ የሚሰጠው፣ ተማሪው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው በማስረጃ ሲያሳይ ነው። ያለዚያ ሰነድ ደግሞ ኤምባሲ ቀርቦ የተማሪ ቪዛ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡ ያልተሟላ የቅበላ ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንደሆነ እንጂ የትም አያደርስም።

በሌላ በኩል፣ የውጭ አገር ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ የሚቀበሉና የተቀበሉትንም የጎደለውን ሁሉ የሚሞሉለት ጥቂት ኮሌጆች አሉ፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስትና ዳርትመዝ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳ አይቀበሉም። እንግዲህ ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ፣ መግባቱ የሚቀልለው ኮሌጅ ለመክፈል አይቻልም፤ ለመክፈል የሚቻለው ደግሞ ለመግባት እጅግ ከባድ ነው። ኬንታኪ ግዛት ያለው ቤርያ ኮሌጅ ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ አለመጠየቁን ሰምተው ሴፍቲ የሚያደርጉት አሉ፤ ሆኖም በየዓመቱ የሚቀበላቸው የውጭ አገር ተማሪዎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ፣ ነጻ መሆኑ ብቻ ማስተማመኛ አያደርገውም።

የማቹ ረድፍም ከዚሁ ስሕተት አላመለጠም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ከውጭ አገር አመልካቾች መካከል ሲመርጡ የገንዘብ ድጋፍ የጠየቀውንና ያልጠየቀውን በእኩል ዓይን አያዩም። ሙሉ ድጋፍ የምትጠይቅ ልጅ በውጤቷ ከኮሌጁ ጋር ብትመጣጠንም፣ ኮሌጁ ለዚያ ዓመት የመደበው ገንዘብ ውሱን ስለሆነ ማች የተባለው ለእሷ ሪች ይሆናል። ይህን ቢሮው ከመጀመሪያው ቢነግረን ኖሮ ቁጥሩን ሌላ ዓይነት አድርገን እናሰላው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን የአገር ውስጡ ፈተና ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች ቀዳሚው የማመልከቻ ቀን ጥቅምት 22፣ የመደበኛው ደግሞ ለብዙዎቹ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው፤ መልሱ መጋቢት ውስጥ ይታወቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚሰጠው ከዚያ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። አማካሪው ልጅቷን «አሁን ኤስኤቲ (ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀርበው ፈተና) ላይ አተኩሪ፤ ማትሪኩ ይደርሳል» ብሏት ስለነበር፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መጻሕፍቷን አልከፈተችም። ማትሪክ ግን ለማንም በራሱ የሚደርስ ነገር አይደለም። ከተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለእሷ በእውነት ሴፍቲ ሊሆን የሚችለው በመንግሥት ወጪ የሚማሩበት የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሳለ፣ በቢሮው ዝርዝር ላይ ስሙ እንኳ አልነበረም፤ የሚገኘውም ተጠንቶ እንጂ ተቀምጦ አይደለም። ከየካቲት ጀምሮ የቢሮውን ቀጠሮ አስቀርተን ማታ ማታ ወደ መጻሕፍቷ መለስናት።

በመጋቢት መልሱ መጣ። ስድስቱ ሪች አልተቀበሏትም፤ ከማቾቹ አንዱ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባት፣ ሦስቱ አልፈለጓትም። ሴፍቲ የተባሉት አራቱም ተቀበሏት፤ አንዱንም መክፈል አልቻልንም። ቢሮው አራቱን የቅበላ ደብዳቤዎች እንደ ስኬት ቆጥሮ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎናል። ብሔራዊ ፈተናውን ግን አልፋ፣ የመጀመሪያ ምርጫዋ አድርጋ በሞላችው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ዛሬ እየተማረች ነው።

እዚህ ላይም ቢሮው ሊነግረን ሲገባ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። ተማሪ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር ከጀመረ በኋላ እንደገና ላመልክት ቢል፣ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ተዛዋሪ ተማሪ ያዩታል፤ ለተዛዋሪ የውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው ድጋፍ ደግሞ በአብዛኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ ሴፍቲ የሚባለው ቦታ ተማሪው እስከ መመረቂያው ቢቆይበት የማይቆጭበት መሆን አለበት። የእኛ ልጅ ጤና ሳይንስ ትፈልግ ስለነበርና ዩኒቨርሲቲውም በዐሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ስላለው፣ ይህ መስፈርት ሳናስብበት ተሟላልን።

ይህን ሁሉ ለቢሮው ኃላፊ በአካል ነግሬያለሁ፤ ሳይቆጡ አዳምጠውኛል። በያዝነው ዓመት ቅጽ ላይ ‹ቤተሰቡ በዓመት መክፈል የሚችለው› የሚል ረድፍ መጨመሩን አይቻለሁ። ሆኖም ሴፍቲዎቹ አሁንም የሚመረጡት በቅበላ መጠናቸው ነው፤ የተጨመረውን ረድፍ ከምርጫው ጋር የሚያገናኝ ሰው ገና የለም።

ለድርሰትና ለሰነድ ዝግጅት ብቻ የሚከፍል ሰው ገንዘቡ አይባክንበትም፤ ቢሮው ይህን ለብቻው በ5,000 ብር ይሠራል። ዝርዝሩን ግን አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ የሚገኘው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በነጻ ስለሚያማክር፣ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዞ እዚያ መጠየቅ የተሻለ ነው፤ እኛም አስቀድመን ልናደርገው ይገባ ነበር። የደብረ ብርሃኑ ቢሮ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ክፍት ነው። መስከረም ከገባ በኋላ ወረፋው ስለሚበዛ፣ ድርሰቱን በሐምሌና በነሐሴ መጀመር ይመረጣል።