የ2006 እና የ2007 ማክ ላይ ሊነክስ፦ የዴቢያን «ማክ» ዲስክ ግምገማ

በእነዚያ ዓመታት የወጡ ማክቡኮችና ማክ ሚኒዎች ላይ ሊነክስ (ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ለመጫን የሞከረ ሰው ይህን ጥቁር ስክሪን ያውቀዋል፦ «1.»፣ «2.»፣ ከሥሩ «ሴሌክት ሲዲ-ሮም ቡት ታይፕ»። 1 ቢጫኑት ዝም፣ 2 ቢጫኑት ዝም። ብዙ ሰው ዲስኩ በደንብ በርን አልተደረገም ብሎ ሌላ ሲዲ ያበላሻል፤ ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው።

የተለመደው የሊነክስ ዲስክ ሁለት የማስነሻ መግቢያ አለው፤ አንዱ ለባዮስ (ኮምፒውተር የሚነሳበት የቆየው መንገድ)፣ ሌላው ለኢኤፍአይ (አዲሱ መንገድ)። የአፕል የያኔው ፈርምዌር (ማሽኑን የሚያስነሳው ውስጠ ፕሮግራም) ሁለቱን ሲያይ «ምረጥ» ይላል፣ ኪቦርዱ ግን በዚያ ሰዓት አይሠራም። ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን ስሙ ላይ «ማክ» የሚል የጨመረበት የኔትኢንስት ፋይል (የቀረውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ትንሽ መጫኛ) የባዮሱን መግቢያ ብቻ የያዘ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ምርጫ ስለሌለ ጥያቄም የለም። ሌላው የሊነክስ ዓይነት ኡቡንቱም በ14.04 ዘመን እንዲህ ያለ ፋይል ያወጣ ነበር።

የዴቢያን 12ቱን ከማውረድዎ በፊት ፕሮሰሰሩን ይመልከቱ። ኮር 2 ዱዎ ከሆነ ባለ 64 ቢቱ ይሆናል። «2» የሌለው ኮር ዱዎ ከሆነ ግን 32 ቢት ብቻ ስለሆነ የ64 ቢቱ ከርነል (የሊነክስ እምብርት) አይነሳም።

ፋይሉን እንደ ተራ ፋይል ሲዲ ላይ አይገልብጡት፤ እንደ ዲስክ ኢሜጅ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት በርን ያድርጉት። ያረጀ ሌዘር በፍጥነት የተጻፈን ዲስክ ማንበብ ይከብደዋል። እነዚህ ማሽኖች በባዮስ መንገድ ከፍላሽ ስለማይነሱ የውስጥ ሲዲ ድራይቩ የግድ መሥራት አለበት፤ የዚህ ዲስክ ትልቁ ድክመት ይህ ነው። ድራይቩ የሞተ ከሆነ ፋይሉ ምንም አይጠቅምዎትም።

ሲያስነሱ የኦፕሽን ቁልፉን ይዘው ይቆዩ። ሲዲው «ዊንዶውስ» በሚል ስም ይመጣል፤ አይደንግጡ፣ ፈርምዌሩ በባዮስ የሚነሳውን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። «ኢኤፍአይ ቡት» የሚል ብቻ ከታየ ያስገቡት ሌላ ዲስክ ነው።

ፓርቲሽን (የሃርድ ዲስኩ ክፍፍል) ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሊነክስ ብቻ የሚጫን ከሆነ በኤክስፐርት ሞድ ገብተው የፓርቲሽን ሰንጠረዡን «ኤምኤስዶስ» ያድርጉት። የአፕል ጂፒቲ ሰንጠረዥ እንዳለ ከቀረ ጭነቱ ያለ ስህተት ሊያልቅና ማሽኑ ግን ላይነሳ ይችላል። ሃርድ ዲስኩን ከማጥፋትዎ በፊት አይሳይት የሚባለው የማኩ ካሜራ የሚፈልገውን የፈርምዌር ፋይል ከማክ ኦኤስ ቴን ላይ ቀድተው ያስቀምጡ፤ ሊነክስ ይዞት አይመጣም።

በ32 ቢት ኢኤፍአይ የማስነሳት ዘዴም አለ፤ ኢንቴል ጂኤምኤ 950 ግራፊክስ ላለው ማክቡክ ይሆናል። ራዲዮን ኤክስ1600 ያለው የ2006 አይማክ ወይም ማክቡክ ፕሮ ከሆነ ግን ድራይቨሩ የካርዱን ባዮስ ስለማያገኝ ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል። ለእነዚህ ያለ ማመንታት የምንመክረው የዴቢያንን «ማክ» ዲስክ ነው።

ከተጫነ በኋላ ማሽኑ ሲበራ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነጭ ስክሪን ላይ ከቆመ አልተበላሸም፤ ፈርምዌሩ መጀመሪያ የማክ ሲስተም እየፈለገ ነው። በማክ ኦኤስ ቴን የመጫኛ ዲቪዲ ተነስተው ተርሚናል ይክፈቱና «ብለስ» የሚባለውን ትእዛዝ ከ«ሌጋሲ» አማራጩ ጋር ሃርድ ዲስኩ ላይ ያስኪዱት፤ መዘግየቱ ይቀራል።