ዋርፋሪን እና አፒክሳባን፦ አባባ ሁለቱንም ወስደው ያየሁት

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ዋርፋሪንና አፒክሳባን ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ፣ በተለምዶ ደም ማቅጠኛ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። የልብ ምታቸው ለተዛባ አብዛኞቹ አረጋውያን አፒክሳባን ከዋርፋሪን ይሻላል ባይ ነኝ። ዋርፋሪንም ቢሆን ሥራውን በደንብ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ዕድሜን ፈርቶ አንዱንም ሳይወስዱ መቀመጥ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው።

ስለ ማን እንደማወራ ላስረዳ። አባባ 84 ዓመታቸው ነው። ክብደታቸው 58 ኪሎ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት አለባቸው። የልባቸው የላይኛው ክፍል አንድ ላይ መጨመቁን ትቶ ይርገበገባል። ደሙ በደንብ ስለማይወጣ፣ በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ እየተጠራቀመ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ይህ ችግር የስትሮክን አደጋ ወደ አምስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። አባባ ግን ከድካም በቀር ምንም አይሰማቸውም። «ሳያመኝ ለምን ኪኒን እውጣለሁ?» ይሉኝ ነበር። ያን ሁሉ ያነበብኩት እሳቸውን የሚያሳምን መልስ ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ የታዘዘላቸው ዋርፋሪን ነበር። ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። ይህን ወሬ ከአንድ ጓደኛቸው ሰምተው አኮረፉኝ። «ልትገድይኝ ነው?» አሉ። የአንድ ነገር መርዝነትና መድኃኒትነት በመጠኑ እንደሚለይ፣ መጠኑም በደም ምርመራ እየታየ እንደሚስተካከል ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ስትሮክን በሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ስነግራቸው ነው ልባቸው የረጋው።

የዋርፋሪን ጣጣ ምርመራው ነው። አይ ኤን አር ይባላል። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ያሳያል። እንደ አባባ ላለ ሰው ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከ2 ከወረደ መከላከያው ይደክማል፤ ከ3 እያለፈ ሲሄድ የመድማት ስጋቱ ይጨምራል። የአባባ ቁጥር አንድ ቦታ አልቀመጥ አለ። ሳንባ ምች ይዟቸው አንቲባዮቲክ ሲጀምሩ ከ5 በላይ ወጣ። ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ድዳቸው ይደማ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለምንም ምክንያት ከ2 በታች ወርዶ አገኘነው። አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስላለው የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። የሚመከረው ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ መጠን መመገብ ነው፤ እሳቸው ግን ፈርተው ጨርሰው ተዉት። ለአንድ አረጋዊ ይህ ሁሉ ሐሳብ ከባድ ነው። ላብራቶሪ ወረፋ ይዘው ሲጠብቁ ሳያቸው አንጀቴን ይበሉኝ ነበር።

በዚህ መሀል ምክሩ ከየአቅጣጫው መጣ። «አስፒሪን ይበቃቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደም ማቅጠኛ ምን ያደርጋል?» ይህን ምክር ስሰማ እናደዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪታኒያ የወጣ ጥናት 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 973 ሰዎች ተከታትሏል። ዋርፋሪን ከወሰዱት መካከል ከባድ ስትሮክና መሰል አደጋ የደረሰባቸው በዓመት 1.8 በመቶ ናቸው፤ አስፒሪን ከወሰዱት ግን 3.8 በመቶ። በከባድ መድማት በኩል ደግሞ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ አስፒሪን ለአረጋውያን «ቀለል ያለ» አማራጭ ነው የሚባለው አይዋጥልኝም። መከላከያው ደካማ ነው፤ ማድማቱ ግን አይቀርም።

«ቢወድቁስ?» የሚለውም አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ሐኪሞች አንድ ስሌት ሠርተው ነበር። የአንጎል መድማት ስጋቱ ከዋርፋሪን ጥቅም እንዲበልጥ፣ ሰውየው በዓመት ወደ 295 ጊዜ መውደቅ አለበት። ስሌት ነውና ለእያንዳንዱ ሰው ልክ ይሆናል አልልም። ለእኛ ግን ውሳኔውን አቀለለልን። መድኃኒቱን በማስቆም ፈንታ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ አነሳን፣ ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት አደረግን።

ቁጥሩ አልረጋ ሲል ሐኪማቸው ወደ አፒክሳባን ቀየሩላቸው። ዋርፋሪኑ ቆሞ፣ አይ ኤን አሩ ከ2 በታች ሲወርድ ነው አዲሱ የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። አፒክሳባን ስትሮክንና መሰል የደም መርጋትን ከዋርፋሪን 21 በመቶ፣ ከባድ መድማትን 31 በመቶ ቀንሷል። እኔን የገዛኝ ሌላው ውጤት ነው፦ ጭንቅላት ውስጥ የሚከሰት መድማት ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

መጠኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተለመደው 5 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው። ወደ 2.5 የሚወርደው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲሟሉ ነው፦ ዕድሜ 80 እና ከዚያ በላይ፣ ክብደት 60 ኪሎ እና ከዚያ በታች፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር፣ ክሪያቲኒን፣ 1.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ። አባባ በዕድሜና በክብደት ስለሚገቡ 2.5 ነው የሚወስዱት። ዕድሜው ብቻ ታይቶ መጠኑ የተቀነሰበት ሰው ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከሚገባው ያነሰ መውሰድ ከስትሮክ በደንብ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አፒክሳባን መርሳትን አይወድም። ዋርፋሪን አንድ ቀን ቢዘለል ጉልበቱ ለቀናት ይቆያል። አፒክሳባን ግን በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሹ ከደም ይወጣል። የአይ ኤን አር ምርመራ ስለሌለው ሰውየው መርሳቱን የሚያጋልጥ ቁጥርም የለም። ለእኛ የሠራው ጠዋትና ማታ የሚጮህ የስልክ ማንቂያና የቀናት ስም የተጻፈበት የኪኒን ሳጥን ነው። ከተረሳ፣ በዚያው ቀን ባስታወሱበት ሰዓት ይወስዱታል እንጂ ሁለት ኪኒን በአንዴ አይወስዱም። የኩላሊትና የደም መጠን ምርመራውም አልቀረም፤ ሐኪማቸው በየስድስት ወሩ ያዩታል።

ክንዳቸው ላይ በቀላሉ ይበልዛል። ምላጩን በኤሌክትሪክ መላጫ ቀየርንላቸው። ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ለጉልበታቸው ሕመም አይቡፕሮፌን ሰጥቶ ላካቸው። ሌላ ምን እንደሚወስዱ የጠየቃቸው የለም። አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኝ የጨጓራ መድማትን ያባብሳል። ሳይውጡት ቤት ደርሰው አሳዩኝ፤ ለሐኪማቸው ደውዬ በፓራሲታሞል ተተካ።

አፒክሳባን ለሁሉም ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ሠራሽ የብረት የልብ ቫልቭ ያለው፣ ወይም ሚትራል የሚባለው በልቡ ግራ በኩል ያለው ቫልቭ ክፉኛ የጠበበበት ሰው ዋርፋሪን ላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ አቅማቸው የደከመ፣ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ከዋርፋሪን ቤተሰብ መድኃኒቶች እንደ አፒክሳባን ወዳሉት አዲሶቹ መቀየር መድማትን እንደጨመረ አሳይቷል። እናታችሁ ዋርፋሪን እየወሰዱ ቁጥራቸው ከረጋ፣ መድኃኒቱም ከተስማማቸው፣ አዲስ ስለሆነ ብቻ ቀይሩላቸው ብላችሁ ሐኪሙን አትወትውቱ። እኛ የቀየርነው የአባባ ቁጥር አልረጋ ስላለ ነው።

አባባ አሁን በኪሳቸው ትንሽ ወረቀት ይይዛሉ። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የሚወስዱበት ሰዓት ተጽፎበታል። ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን መድኃኒቱን በራሳቸው አያቆሙም፤ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቃሉ። ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ደግሞ «ደህና ነኝ» ቢሉም እንኳ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንወስዳቸዋለን።