ራምቦ ቤት (ሐረር)፦ ከመግባታችሁ በፊት የገጣሚውን ቤተሰብ መንደር ሮሽን እወቁ

መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ከሰፊዎቹ አንዱን ብትጠይቁ መንገዱን ያሳያችኋል። ፊቱ በተቀረጸ እንጨት፣ መስኮቱ በባለ ቀለም መስታወት የተሠራ፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነ ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ ለሕንፃው ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል። ስሙ ግን እንዳያሳስታችሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እዚህ አልኖረም፤ ቤቱን አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ገጣሚው ከሞተ በኋላ ነው። ራምቦ በ1880 (እ.ኤ.አ.) ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ለሚነግደው ለባርዴይ ድርጅት ተቀጥሮ ነበር።

ጊዜያችሁን ለፎቶዎቹ ስጡ። በ1883 ራሱን ካነሳቸው አንዱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ሙዝ መካከል እጁን አጣምሮ ቆሞ ነው። ፊቱ የማይለየው ፎቶው ስላረጀ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፎቶዎቹን የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለነበር ገና ያኔውኑ እንደነጡ ራሱ ለቤተሰቡ ጽፏል።

ያ ቤተሰብ የነበረው ሮሽ ነው፤ በፈረንሳይ፣ በአርደን ገጠር፣ ሹፊዪ-ሮሽ በምትባል ኮሚዩን ውስጥ። ነዋሪዋ ዛሬ መቶ አይሞላም። የእናቱ እርሻ እዚያ ነበር፤ በ1873 ዋናውን የግጥም ሥራውን የጻፈው፣ በ1891 ክረምትም እግሩ ማርሴይ ላይ ተቆርጦ አንድ ወር ያህል የተኛው እዚያው ነው። ኅዳር ላይ ማርሴይ ሞተ። የእርሻው ቤት በ1918 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ፈረሰ፤ በቦታው የተሠራውን ሙዚቀኛዋ ፓቲ ስሚዝ ገዝታዋለች። እንግዲህ ሮሽም የምታሳየው ሌላ ቤት ነው!

ከድሬዳዋ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1891 ድሬዳዋም ባቡሩም አልነበሩም። ጉልበቱ ያበጠው ራምቦ ንድፉን ራሱ ባወጣው ቃሬዛ፣ በ16 ተሸካሚ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ዘይላ ወደብ ተወሰደ። መንገድ ላይ ጓዙን የጫኑት ግመሎች ቀርተውበት 16 ሰዓት ያለ መጠለያ ዝናብ ሲወርድበት ቆይቷል።

ከምሳ ሰዓት ውጪ ሂዱ፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ለሚቸኩል ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ፎቶዎቹን ለሚያነብ ግን አይበቃም። አስጎብኚ የምትይዙ ከሆነ ዋጋውን በሩ ሳትደርሱ ጨርሱ፤ ስለ ሮሽ ማውራት ይችል እንደሆነም እዚያው ጠይቁት።