ዳይሬክት ኮኔክት፦ አፕሊኬሽኑ ክላውድ ላይ፣ ዳታቤዙ ቢሮ ሲሆን

የአማዞን ዳይሬክት ኮኔክት የክላውድ አፕሊኬሽንን ግቢ ውስጥ ካለ ዳታቤዝ ጋር፣ ኢንተርኔትን ሳይነካ፣ በግል መስመር ያገናኛል። ትልቁ ጥቅሙ የመስመሩ ስፋት አይደለም፤ መዘግየቱ እንደ ኢንተርኔት ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ ግንኙነት) ከሰዓት ሰዓት አለመዋዠቁ ነው።

ርቀትን ግን የትኛውም መስመር አያሸንፈውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ወዳለው የአማዞን ዳታ ሴንተር ቀጥታው ርቀት ብቻ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። አንድ ገጽ ለመክፈት 200 ጥያቄ በተራ በተራ የሚልክ አፕሊኬሽን እንግዲህ 10 ሰከንድ ያስጠብቃል። እዚህ ላይ ሰፊ መስመር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው! ጥያቄዎቹን አሰባስቦ መላክ ወይም የሚነበበውን ዳታ ቅጂ ክላውድ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ራሱን የቻለ ፖርት (ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሰጥ የመገናኛ በር) በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት ይጀምራል፤ በአጋር ድርጅት በኩል ግን ከ50 ሜጋቢት ጀምሮ ይገኛል፣ ለብዙ ዳታቤዝም ይበቃል።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ ትራፊኩ በነባሪ አይመሰጠርም፤ ዳታቤዙ ላይ ቲኤልኤስ (ዳታውን በጉዞ ላይ የሚመሰጥር ዘዴ) ማብራት ግድ ነው። መስመሩ ቢቆረጥ ተረካቢ ቪፒኤን ይኑር፤ የቪፒኤኑ አንድ መደበኛ ታነል (የተመሰጠረ መተላለፊያ) በሰከንድ እስከ 1.25 ጊጋቢት ይሸከማል። ራውተሩ ላይ ቢኤፍዲ (የመስመር መቋረጥን ቶሎ የሚያውቅ ዘዴ) ካልበራ፣ ቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) የመስመሩን መቋረጥ እስኪያውቅ 90 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ትንንሽ ጥያቄዎች እየሠሩ ትልልቅ ውጤቶች ከተንጠለጠሉ መጀመሪያ የሚፈተሸው ኤምቲዩ (በአንድ ጊዜ የሚላከው ፓኬት ትልቁ መጠን) ነው፤ አንዱ ወገን 9001 ባይት፣ ሌላው 1500 ባይት ሆኖ ይገኛል።