ቤት ለቤት ነርስ ለምትፈልጉ፦ ሲስተርን ላመስግናት

ባለፈው ሳምንት የ4 ዓመቱ ልጄ የቡአ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። ጠዋት ገባ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ነበርን። መንገዱን ሙሉ ሲስቅ ስለመጣ "በቃ ይሄው ነው?" ብዬ ተዝናናሁ።

ከወገቡ በታች ያደነዘዘው መርፌ ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደሚለቅ ተነግሮኛል። ማስታገሻውን በ9 ሰዓት ስጪው ተብዬም ነበር። እናቴ ግን "የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል እንዴ?" አለች፤ እኔም ተውኩት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱን በለቅሶ ቀወጠው።

የአክስቴ ልጅ የጠቆመችኝ ሲስተር ወዲያው ደረሰች። መጀመሪያ ቁስሉን አየች፤ አልደማም፣ አላበጠም። ቀጥላ "ስንት ኪሎ ነው?" አለችኝ። ዕድሜውን አይደለም የጠየቀችው። 16 አልኳት። ለፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም፣ ድምሩ 240። የሽሮፑን ጠርሙስ አዙራ አነበበች፤ 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም አለው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሊትር። እኔ የሻይ ማንኪያ ይዤ ቆሜያለሁ! "ማንኪያ ሁሉ እኩል አይይዝም" ብላ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠችኝ። (ጠርሙሱ ይለያያል፤ የልጃችሁን መጠን በኪሎው አስወስኑ።)

ሐኪሙ ያዘዘለትን አይቡፕሮፌን ደግሞ ምግብ ከቀመሰ በኋላ ሰጠነው። አንዲት ጎረቤቴ ከራሷ የተረፈ ትራማዶል ይዛ "ግማሿን ስጪው" ብላ መጥታ ነበር። ሲስተር "የልጅ ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል" ብላ እንክብሏን መለሰችላት።

ከዚያ ወረቀት ላይ "1፣ 7፣ 1፣ 7" ብላ ጻፈችልኝ። በየ6 ሰዓቱ ፓራሲታሞል ማለት ነው፤ ለ2 ቀን፣ ሌሊት 7 ሰዓትም ቀስቅሼ። "ህመም እንደ ወተት ነው፤ ከገነፈለ በኋላ አትሯሯጪ" አለችኝ። ከሥሩ 6 ፊቶች ሳለችለት፤ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው።

በማግስቱ ልጄ ጭጭ ብሎ ጥጉን ይዞ ተኛ። ተሻለው ብዬ ነበር። ፊቶቹን ሳሳየው አምስተኛውን ጠቆመኝ። ለካ ማልቀስ ራሱ እያመመው ነው ዝም ያለው።

ቁስሉን ልታይ 2 ጊዜ ተመልሳ መጣች፤ ከትራንስፖርት ሌላ አልቀበልም አለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተርዬ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ ነው። ትናንት ገንፎ ሳቀርብለት ልጁ ሄዶ ስድስተኛውን ፊት ጠቆመኝ።