«አይሆንም» ያሉኝን ሐኪም አመስግኑልኝ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈርቻለሁ። ስለ ፀጉሬ በአደባባይ አውርቼ አላውቅም። ባለቤቴ እንኳን ያለ ሻሽ ያየኝ በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። ግን አንድ ሰው መመስገን አለበት። እንደኔ ሌሊት ሌሊት ስልኳ ላይ «የፀጉር ንቅለ ተከላ» እያለች የምትፈልግ እህትም ካለች ይድረሳት።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ልጅ ሆኜ በዓል በመጣ ቁጥር ሹሩባ እሠራ ነበር። ዓይኔ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ ነበር የሚጠብቀው። ማታ ትራስ ላይ መተኛት ያቅተኛል፣ ግን ቆንጆ ነኝ። ካደግኩ በኋላ ማለስለሻ ክሬም መጣ፣ ከዚያ ሂውማን ሄር በስፌት፣ ከዚያ ዊግ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የግንባሬ ዳር ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር። በጆሮዬ በላይ በሁለቱም በኩል ተመለጠ። ቀጥሎ አናቴ መሃል ላይ ሳንቲም የምታክል ቦታ ሳሳች። በሁለት ዓመት ውስጥ የቡና ሲኒ አፍ አከለች።

ያልሞከርኩት የለም። በቲክቶክ የሚሸጥ ቅባት ገዛሁ፤ ሽታው ብቻ ቀረኝ። አንድ ቦታ ደግሞ የራሴን ደም ወስደው አናቴ ላይ ይወጉኝ ነበር። አራት ዙር ከፈልኩ። በሄድኩ ቁጥር የሚወጋኝ ሌላ ሰው ነው። ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል ስል «ይለምዳል» ይሉኛል። አልለመደም። ከአራተኛው ዙር በኋላ «ትንሽ መጠበቅ ነው» ብለው ሸኙኝ። መቼም ገንዘቡ ይመጣል ይሄዳል፤ እኔን ያቃጠለኝ ማንም ቁጭ ብሎ አለማየቱ ነው።

ከዚያ የኢስታንቡል ደላላ አገኘሁ። ፎቶ ላኪ ተባልኩ። ሦስት ፎቶ ላክሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ 3,500 ግራፍት (ተነቅሎ የሚተከል የፀጉር ሥር ማለት ነው)፣ ሆቴል፣ ከኤርፖርት መቀበያ፣ ሁሉንም በ2,600 ዶላር። «ፀጉሩን ከየት ነው የምትወስዱት?» ብዬ ጠየቅኩ። «ከኋላ ነዋ!» አለኝ። እኔ የላክሁት የፊትና የአናቴን ፎቶ ነው። የኋላዬን ማንም አላየውም። ይህንን በዚያን ጊዜ አላስተዋልኩም። የወርቅ ሀብሌን ሸጥኩና 40,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። ያ ቀብድ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሐኪሟ ጋ የወሰደችኝ ታናሽ እህቴ ናት። «ከመሄድሽ በፊት አንድ የቆዳ ሐኪም ይይሽ፣ ከዚያ ብትፈልጊ ሂጂ» ብላ ጎትታኝ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ስገባ ክፍሉ ውስጥ ረዳት ነበረ። ሐኪሟ እጄ ሻሼን እንዴት እንደያዘ ሳያዩ አልቀረም። ረዳቱን በትህትና አስወጡት፣ በሩን ዘጉ፣ መጋረጃውን ሳቡ።

«ሻሹን መቼ እንደምታወልቂው አንቺ ትወስኛለሽ፤ እኔ አልቸኩልም» አሉኝ።

ውጪ ስንት ሰው ተራ እየጠበቀ! እሳቸው ግን ስለ ወሊዴ ጠየቁኝ፣ ስለ ሹሩባዬ ጠየቁኝ፣ በቤተሰቤ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው እንዳለ ጠየቁኝ፤ የእናቴ ጆሮ ከተበሳ በኋላ ጠባሳው እንዳበጠ ነገርኳቸው። ሻሼን ሳወልቅ አለቀስኩ። ምንም አላሉም። ወንበራቸውን ከኋላዬ ስበው ተቀመጡ፣ ጣታቸውን አናቴ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉና «ይቺ ቦታ ታቃጥልሻለች?» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ናቸው።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አንብቡልኝ፤ ልቤን የነካኝ እሱ ነው። በቅንድብ እርሳስ ከኋላዬ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ሳጥን ሳሉ። አጉልታ የምታሳይ ካሜራ ደገኑባትና ስክሪኑን ወደኔ አዙረው «ቁጠሪ» አሉኝ። እኔና እህቴ ጮክ ብለን ቆጠርን። 46 ሥር። ወደ ማጅራቴ ዝቅ ብለው ሌላ ሳጥን ሳሉ። 31። ከነዚያም ብዙዎቹ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ናቸው። የኋላ ፀጉሬ ሙሉ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ እሱም ሳስቷል።

ከዚያ ስስ ላስቲክ አናቴና የግንባሬ ዳር ላይ ዘርግተው የተመለጠውን ሁሉ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ቀዱት። ላስቲኩን የልጆች የሒሳብ ደብተር ላይ፣ ባለ ካሬው ላይ አነጠፉት። ካሬ በካሬ ቆጥረን 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር አገኘን። «እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ትንሽ እንድትሸፈን እንኳን 30 ሥር ትፈልጋለች። ስንት ሆነ?» አሉ። እህቴ ቶሎ አባዛችው፦ 2,400። «ከኋላሽ ሳልጎዳሽ መውሰድ የምችለው ቢበዛ 1,000 ነው። ከዚያ በላይ ከወሰድኩ ለኋላሽም ሻሽ ያስፈልግሻል።»

3,500 ያለው ሰውዬ ያን ፀጉር ከየት ሊያመጣው ነበር?

ያስረዱኝን ሁሉ አልያዝኩትም፣ ግን ይቺን አልረሳትም። «ንቅለ ተከላ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም። ችግኝ ከአንዱ መደብ ነቅለሽ ሌላው ላይ መትከል ነው፤ የተነቀለበት መደብ መልሶ አያበቅልም» አሉኝ። ተወስዶ የተተከለ ፀጉር የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚሄድ ኦረንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም ያሳተመው እንደ ፈረንጆቹ በ1959 ነው አሉ። ስለዚህ ከደካማ ቦታ የተወሰደ ፀጉር ፊት ላይም ደካማ ነው። የኛ ፀጉር ደግሞ ከላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ ከቆዳ በታችም ሥሩ ይጎብጣል። ያልለመደ እጅ ሲያወጣው ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ከኋላም የለም፣ ከፊትም የለም።

በግንባሬ ዳር ያለው የሹሩባና የስፌቱ ጉተታ ያመጣው ነው። እንዲህ ያለው ቶሎ ከተደረሰበት ይመለሳል፣ ከቆየ ግን ላይመለስ ይችላል። የአናቴ ግን ሌላ ነገር መሰላቸው። ከቆዳዬ ቅንጣት ወስደው ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር የሚሰፋ፣ የፀጉሩን ሥር ወደ ጠባሳ የሚለውጥ በሽታ ነው አሉኝ። እኛን በመሰሉ ጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። የሚያቃጥለኝም እሱ ነበር። «እሳቱ ሳይጠፋ ችግኝ አይተከልም» አሉ። በዚያ ላይ ቢተከል ያችው ያለችኝ ጥቂት ፀጉር ባክና ትቀር ነበር።

ተስፋዬንም ግን አልዘጉብኝም። ሕመሙ ጋብ ብሎ ቢያንስ አንድ ዓመት ከቆየ፣ የኋላዬም ካልሳሳ፣ የግንባሬን ዳር ብቻ በትንሹ መሥራት ይቻል እንደሆነ እንደገና እንነጋገራለን አሉኝ። የአናቴን ለመሸፈን ግን የሚበቃ የለኝም። ያን ዕለት የሰማሁት ሐቅ ይህ ነው። ከበደኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከእህቴ ጋር አለቀስኩ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንዳለሁ አወቅኩ። የከፈልኩትም የካርድና የምርመራ ብቻ ነው፤ ምንም ፓኬጅ አልሸጡልኝም!

ስፌትና ጥብቅ ሹሩባ አቆምኩ። አናቴ ላይ መርፌ ይወጉኛል፣ የሚቀባም አለኝ። ደሜ ታይቶ የብረት መጠኔ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ እንክብል እወስዳለሁ። ሚኖክሲዲልም አዘዙልኝ፤ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር አሉ፣ በሽተኞቹ ላይ ፀጉር ሲያበቅል ታይቶ ነው ወደዚህ የመጣው። «መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፣ እንዳትደነግጪ» ብለው ስላስጠነቀቁኝ ሲረግፍ አልደነገጥኩም። ይህንን አንድ ቃል ባይነግሩኝ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት ጥዬው ነበር።

አሁን ሰባት ወር ሆነኝ። ማቃጠሉ ቆሟል። አናቴ ላይ ያለችው ክብ አልሰፋችም፤ ዙሪያዋን እርሳቸው በየቀጠሮው በዚያው ላስቲክ ይለካሉ። በቀኝ ጆሮዬ በላይ ቀጫጭን ፀጉር ወጥቷል። ባለፈው እሑድ ልጄ በጣቷ ነክታው «እማ፣ ይኼ እንደ ሕፃን ፀጉር ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ እባካችሁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «የኋላ ፀጉሬን በእጃችሁ ነክታችሁ አይታችሁታል ወይ? ስንት መውሰድ ይቻላል? ከተወሰደ በኋላ የኋላዬ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በፎቶ ብቻ ቁጥር የሚነግራችሁን አትመኑ። ሹሩባ ከተሠራችሁ በኋላ ካመማችሁም ቶሎ ፍቱት፣ ልጆቻችሁንም አታስጠብቁባቸው።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎን የወለደች እናት ትባረክ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። በውስጥ መስመር የሚጽፍልኝን ሁሉ ግን አድራሻቸውን እሰጣለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። ወረፋው ይረዝማልና በጠዋት ድረሱ። ጥብቅ ሹሩባ ወይም ስፌት ካላችሁ ፈትታችሁ ሂዱ፣ ካልሆነ ማየት አይችሉም። የእኔ ቀጠሮ በየወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ደረጃው ላይ ቢጫ ሻሽ ያደረገች ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ፤ መግባት ከፈራችሁ አብሬያችሁ እገባለሁ።